የተተረተረ ስፌት

ጭሮ ገበያ ውስጥ ባህል የሚሸጠው በሜትር ነው። ጥለቱ ታትሞበት፣ ወርቃማው ክር ተለጥፎበት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና ከአዲስ አበባ ይመጣል። አዲስ አበባ ከየት እንዳመጣችው ጥቅሉ ጫፍ ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን ፊደሉ የኛም የፈረንጅም ስላልሆነ ማንም አያነበውም፣ ማንበብ የሚፈልግም የለም። እኔ ለደንበኞቼ «የአገር እጅ ነው» እላቸው ነበር። «ወላሂ በይ» ሲሉኝ «ወላሂ» እላለሁ። የየትኛው አገር፣ የማን እጅ ብሎ የጠየቀኝ ስለሌለ መሐላዬ ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ የጫት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ በሚከንፉበት አስፋልት ዳር፣ ተወልጄ ያደግሁበት ቤት የፊት ክፍል ነው። ሁለት የስፌት መኪና አለኝ፤ አንዱ የእግር፣ አንዱ የመብራት። የመብራቱ መብራት ሲኖር ይሠራል፤ ስለዚህ እንጀራዬ የእግሩ ነው። የመብራቱ መኪና የቆመበት ቦታ ላይ ወለሉ ሰርጉዷል። ሁለት ጊዜ በሲሚንቶ አስደፈንኩት፣ ሁለቴም መልሶ ሰረጎደ። ከሥሩ የአባቴ ጉድጓድ አለ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ነው የሚሠራው። ጓደኞቼ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በበሩ ሲያዩት ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታያቸው። «የአባትሽ ግማሹ የት ሄደ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት የወላጅ ሥራ የሚሞላበት ወረቀት ሲሰጠን «ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን የተቀበለኝ አስተማሪ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገው ጋቢ የአባቴ ሥራ ነበር። እሱም የእጅ ሥራ ክቡር ነው እያለ ያስተምረናል፤ ከሸማኔ ቤት ግን ቡና ጠጥቶ አያውቅም። ጋቢውን ሊወስድ ሲመጣ ደጅ ቆሞ ነው የሚቀበለው።

እናቴ ደግሞ ትፈትላለች። ጥጡን ፍሬውን ታወጣለች፣ ትነድፈዋለች፣ ከዚያ እንዝርቷን ታሽከረክራለች። ጎረቤት መጥታ ወሬ ስትጀምር እንኳ እንዝርቷ አይቆምም፤ ሐሜቱ በረዘመ ቁጥር ክሩም ይረዝማል። አባቴ «የኔ ሸማ ከጥጡ ጀምሮ የእጅ ነው» እያለ ለደንበኛ ይምላል። ውሸቱን ነው። ድሩን፣ ማለት በርዝመት የሚዘረጋውን ክር፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከሱቅ የፋብሪካ እየገዛ ነበር የሚዘረጋው። የእናቴ እጅ ያለበት ማጉ ነው፤ በመወርወሪያው ውስጥ ሆኖ በወርዱ የሚገባው። ይህን የማነሳው አባቴን ለማሳጣት ሳይሆን በቤታችን መማል የተጀመረው በኔ እንዳልሆነ ለማሳወቅ ያህል ነው።

ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ገበያው በረንዳ ላይ ከምትሰፋ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ስፌት ልማር ገባሁ። የእግሯ መኪና ሲንኮሻኮሽ ሳይ ልቤ ጠፋ። አባቴ ሳምንት ሙሉ የሚጎብጥበትን ጨርቅ እሷ ከቁርስ እስከ ምሳ ቀሚስ አድርጋ ትሰቅለዋለች። ማታ ለአባቴ ስነግረው ከጉድጓዱ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሸማ ይደረባል፣ ይጣፋል፣ ይታጠፋል» አለኝ። «አይቆረጥም።»

«ታዲያ እጅጌ ከየት ይመጣል?»

«ሰው እጅጌ ምን ያደርግለታል? እጁን ያውጣ።»

በራሴ መኪና መሥራት የጀመርኩ ዓመት ለዒድ ሸሚዝ ሰፋሁለት። ኮሌታው የቆመ፣ ኪሱ ላይ ሁለት ረድፍ ስፌት ያለው። አገላብጦ አየው። በጥፍሩ ስፌቱን ነካ ነካ አደረገና «ባረከላህ ፊኪ» ብሎ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው። በሌላው ዓመት ሱሪ ሰፋሁለት፣ ከዚያ ሰደርያ፣ ከዚያ ጀለቢያ። ሁሉንም ባረከ፣ አንዱንም አልለበሰም። «ጥሩ ነው» ብሎ እንኳ አያውቅም።

ስፌት የሚባል ነገር ሁሉ ጠልቶ ቢሆን እሺ። ከሰልባጅ ተራ የገዛውን ጥቁር ካፖርት ክረምት ከበጋ አያወልቀውም ነበር። ቁልፎቹ ወርቃማ ናቸው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የመርከብ መልሕቅ ተቀርጿል። የትኛው አገር መርከበኛ ሞቶበት እንደሆነ አላህ ይወቅ፤ ባሕር በማይታይባት ከተማ አባቴ ስድስት መልሕቅ ደረቱ ላይ ደርድሮ መስጊድ ይሄዳል። አንድ ቀን ንዴቴን መያዝ አቅቶኝ «ይሄንንስ የሰፋው መኪና አይደለም?» አልኩት።

«ነው» አለኝ። «ግን የሰፋውን ሰው አላውቀውም። ልጄ አይደለም።»

ይሄ መልስ ስድብ ይሁን ሌላ ነገር ለዓመታት አልገባኝም። እኔ እንደ ስድብ ነበር የያዝኩት።

ከተማችን በበኩሏ ያልለበሰችው የለም። ቴትሮን የሚባለው የፋብሪካ ጨርቅ የመጣ ጊዜ ሰው ጉድ አለ። አይጨማደድም፣ አይደበዝዝም፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አየር እንደማያስገባ ግን ማንም አላነሳም። በደሳ ገበያ በቀትር የቴትሮን ሱሪ ለብሶ ጫት የሚያስጭን ሰው እንደ ድንች ይቀቀል ነበር፤ የሱሪው መስመር ግን ውልፍት አይልም። ከዚያ ሰልባጅ ገባ። ጠዋት «የፈረንጅ ሬሳ ልብስ ነው» ብሎ የሚያማ ሰው ከሰዓት ቦንዳው ሲፈታ ፊት ላይ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። ከጅግጅጋ በኩል ደግሞ ድሪያ መጣች፤ ሰፊ፣ ስስ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ስፌት ብቻ ያላት ቀሚስ። ሁለት ስፌት! ልብስ ሰፊን ያለ ሥራ የሚያስቀምጥ ልብስ ማን እንደፈለሰፈው ባውቅ ደብዳቤ እጽፍለት ነበር። በመጨረሻ የታተመው ባህል ደረሰ፣ ሁላችንም ወደ ጥንቱ ተመለስን፣ በፖሊስተር።

የአባቴ ደንበኞች አንድ በአንድ ቀሩ። ጋቢ የሚያሠራው ሰው ብርድ ልብስ ገዛ፤ ብርድ ልብሱ ላይ የአንበሳ ሥዕል አለበት፣ ጋቢው የለበትም፣ ምን ክርክር አለው። አባቴ ግን ጉድጓዱ ውስጥ መግባቱን አልተወም። የተወው እናቴ የሞተች ጊዜ ነው። ከሞተች በኋላ ዘንቢሏ ውስጥ የመጨረሻ ፈትሏ ተገኘ። ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው ማግ ነው። አባቴ እሱን ይዞ ጉድጓዱ ገባ። አንድ ወር ሙሉ ከማንም ጋር ሳያወራ ሦስት ረጅም ነጭ ሸማ ሠራ። ጥለት የለውም፣ ምንም የለውም። ሲጨርስ እኔን ጠርቶ አሳየኝ።

«ከፈኔ ነው» አለኝ። «ሰው ሲቀበር በሦስት ጨርቅ ይጠቀለላል። ከፈን አይሰፋም፤ ታውቂያለሽ። ይሄን መርፌ አይነካውም።»

አጣጥፎ፣ በየእጥፋቱ ጥቁር አዝሙድ በትኖ፣ ከአልጋው ሥር ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። በማግስቱ ጉድጓዱን በአፈር ሞላው። እኔም ሐዘኑ ሳይበርድ፣ አፈሩም በደንብ ሳይጠቀጠቅ የመብራት መኪናዬን አመጣሁና ከላዩ ተከልኩ። ያኔ ዘመናዊ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሥራ የፈታ ሸማኔ ምን ይሠራል? የኔ አባት ክብሪት ገዛ። ሱቄ ደጃፍ ዱካ ላይ ይቀመጥና የሚያልፈውን ሰው ልብስ ይመረምራል። ጥጥ መሆኑን ማወቂያው ቀላል ነው፤ ከጫፉ አንድ ክር ይመዛል፣ ክብሪት ይጭርበታል። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ይነድና አመድ ይሆናል። ካልሆነ ተኮማትሮ ጥቁር ፍሬ ይሆናል፣ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። በየትምህርት ቤቱ የባህል ልብስ በሚለበስበት ሰሞን አንድ የቢሮ ሰው፣ የታተመ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ስለ ማንነታችን ንግግር ሊያደርጉ በደጃችን ሲያልፉ አባቴ በአክብሮት አስቆማቸው። ሰላምታ አቀረበ፣ ስለ ቤተሰብ ጠየቀ፣ እግረ መንገዱን ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ክር መዘዘ። ጫረ። ክሩ ጣቱ ላይ ተንጠባጠበ።

«ጌታዬ» አላቸው፣ «ጀሪካን ነው የለበሱት።»

ሰውዬው ሳቁ፣ መንገደኛው ሳቀ፤ ያልሳቅሁት እኔ ነኝ፣ ጀሪካኑን የሸጥኩላቸው እኔ ነኛ። ከዚያ ቀን በኋላ ደንበኞቼ አባቴ መስጊድ መሄዱን እያዩ ነበር የሚመጡት። ከሶላት መልስ ተቀምጦ ያየው ሰው ከሱቄ ማዶ አስፋልቱን ተሻግሮ ያልፋል። ተለማመጥኩት፣ ተቆጣሁት፣ ክብሪቱን ደበቅሁበት። እሱ ሌላ ገዛ።

ስድስት ዓመት ይሆነዋል፣ ከበደሳ አንድ የቡና ነጋዴ መጣ። ልጁን ሊድር ነው። ሙሽራዋ የባህል ቀሚስ ትፈልጋለች፤ ከወገቡ ሽንሽን፣ ከኋላው ዚፕ፣ መሬት ለመሬት የሚጎተት ጅራት ያለው። «እናቴ ግን የታተመውን አይወዱም» አለኝ። «የእጅ ካልሆነ ሰርጉ ላይ አልገኝም ብለዋል።» እንደ ልማዴ ማልኩ። እንደ ልማዴ አዲስ አበባ አዘዝኩ። ጥቅሉ ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ገና ላስቲኩን ሳልፈታው አባቴ ከዱካው ተነስቶ መጣ፣ ክር መዘዘ፣ ጫረ። ጥቁር ፍሬ።

«ያቺ ባልቴት ዓይን የላትም ብለሽ ነው?» አለኝና ወደ ዱካው ተመለሰ።

ያን ክብሪት ባይጭር ኖሮ የታተመውን ሰፍቼ፣ ምዬ፣ እልክ ነበር። የእሱ ክብሪት ግን ሐፍረትና ፍርሃት ለቀቀብኝ። ቀኑን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ላሉት ሸማኔዎች ስደውል ዋልኩ፣ የሚደርስልኝ አጣሁ። በማግስቱ አባቴ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሲሄድ ጓዳ ገባሁ፣ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ሳብኩ። ሦስቱንም ሸማ አወጣሁ። በቦታቸው ሦስት ቁራጭ አቡጀዴ፣ የፋብሪካ ነጭ ጨርቅ ማለት ነው፣ በልኩ አጣጥፌ አስገባሁ። አዝሙዱን ሳይቀር ሰብስቤ መልሼ በተንኩት። ዓይኑ ደክሟል፣ አያይም ብዬ ነው። ሌላ አሠርቼ እተካለሁም ብዬ ነው። ማን እንደሚፈትል አላሰብኩም።

ቤት ውስጥ እንዳያየኝ ስፌት ያስተማረችኝ ሴትዮ በረንዳ ላይ በሷ መኪና ሰፋሁት። ሰው ሲያፍር ይቆጥባል መሰለኝ፣ ጨርቁ ላይ ቁጥብ ሆንኩ። ከሦስቱ አንዱን ሳልቆርጥ ዙሪያውን ሸንሽኜ ጉርዱን አደረግሁት። ሁለተኛውን ለደረቱና ለእጅጌው ቆረጥኩት። ሦስተኛው ጅራት ሆነ። በሕይወቴ እንደሱ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ አንድ ስፌት አልዘለለም። የሙሽራዋ አያት ጫፉን በጣታቸው አሽተው «አልሐምዱሊላህ፣ የእጅ አለ ለካ ዛሬም» አሉ አሉኝ። በየሰርጉ ይህን ስናገር ኖርኩ። ደንበኛ ጨመረልኝ።

ያለፈው ክረምት አባቴ ተኛ። ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ «ዕድሜ ነው» አሉን፤ ዕድሜ መድኃኒት ስለሌለው ይዘነው ተመለስን። ከጓዳ አልጋው ላይ ሆኖ የመኪናዬን ድምፅ ያዳምጣል። ዓይኑ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። አንድ ጠዋት ጠራኝ።

«ሳጥኑን አውጪልኝ።»

«ቁልፉን አጣሁት፣ አባ» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ቁልፍ ያለው?»

የቆርቆሮ ሳጥን ነው፣ መቆለፊያውን ዝገት ከበላው ሃያ ዓመቱ ነው። ጎበዝ ውሸታም እንኳ አይደለሁም። እሱ ቀጠለ።

«ማጉ የእናትሽ ነው። ሳልሄድ እጄን ላሳርፍበት ፈልጌ ነው። ሌላ ነገር የለኝም።»

«ብል እንዳይኖርበት ፀሐይ ላይ ላውለው» አልኩት። «ሦስት ቀን ስጠኝ። ኢንሻአላህ አመጣልሃለሁ።»

«ሀዬ» አለ። «ሦስት ቀን ካለኝ።»

ወጥቼ ሱቁ ውስጥ ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ ሥር ያለው ጉድጓድ ታወቀኝ። አጠገባችን ጫት የምትቸረችር ጎረቤቴ ፊቴን አይታ «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ አቦ?» ብላ መጣች። ነገርኳት። ሰው ለሰው ነው ትለኛለች ብዬ ነበር።

«የአባትሽን ከፈን ለሙሽራ?» አለችኝ። «ያ ረቢ! ሰው የሰው ይሰርቃል፤ አንቺ የሬሳ፣ ያውም ሳይሞት!» ወዲያው ግን ነጠላዋን ታጠቀች። «ሂጂ። እኔ እሱ ዘንድ እቀመጣለሁ። ሂጂ፣ ቶሎ!»

ለነጋዴው ደወልኩ። ልጁ ትዳሯ መቻራ መሆኑን ነገረኝ። ከሱቄ በጣም የሚያብረቀርቀውን የታተመ ቀሚስ በፌስታል ይዤ ወጣሁ፤ ባዶ እጅ ሄዶ የሙሽራ ቀሚስ መልሱልኝ አይባልም። እስከ በደሳ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጋቢና። የመቻራን መንገድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም፤ አንጀቴ ቦታ ለቆ ተመልሶ ሲገባ ይሰማኛል። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ውሸት እያዘጋጀሁ ነበር። የድሮ ሥራዎቼን እየሰበሰብኩ ነው ልላት ነው፣ ለማስታወሻ።

ውሸቱ አላስፈለገም። ያቺ ሙሽራ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። ቢጃማ ለብሳ ቡና እያሰጣች ነበር። «ያንን ቀሚስ?» አለችኝ። «ውሰጂው በአላህ። አንዴ ነው የለበስኩት። ያሳክካል፣ ይጨማደዳል፣ ታጥቦ አይደርቅም።» ከአልጋ ሥር ሻንጣ ጎትታ አወጣችው። ጉርዱ አለ። የላይኛው ክፍልና ጅራቱ የሉም። አማቷ ውኃ መምጠጡን አይተው ለልጆቹ የሽንት ጨርቅ አድርገውታል።

የእናቴ ክረምት ለሁለት ሕፃናት መቀመጫ። እናቴ ብትሰማ ትስቅ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከሙሽራ ቀሚስ ይልቅ ይሄኛው ይሻላት ነበር። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የያዝኩትን ቀሚስ አውጥቼ ሰጠኋት። ደረቷ ላይ ለጥፋ ስታየው ዓይኗ በራ።

«ይሄም የእጅ ነው?» አለችኝ።

አፌ «ወላሂ» ለማለት ተከፍቶ ነበር። «አይደለም» አልኳት። «የፋብሪካ ነው። የታተመ ነው። እሳት ዳር እንዳትሄጂበት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። «አያሳክክም በያ።»

በሕይወቴ ለደንበኛ የተናገርኩት የመጀመሪያ እውነት ነው፤ እሱንም እንደ ሙገሳ ነው የተቀበለችኝ።

ጭሮ ስመለስ አባቴ አለ። ጎረቤቴ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ የሰፈሩን ወሬ በሙሉ አውርታለት ጨርሳለች። እኔ ምላጭ ይዤ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ተቀመጥኩ። ስፌት መተርተር የጀማሪ ሥራ ነው፤ የተሳሳተ ሰው ነው የሚተረትረው። እኔ ከጀመርኩ ዓመት በኋላ ተርትሬ አላውቅም ነበር። ሽንሽኑን፣ ከወገቡ ላይ እጥፍ አድርጌ የደጋገምኩትን፣ የዚፑን፣ የጠርዙን፣ አንድ በአንድ። ጨርቁን ምላጩ እንዳይነካው ትንፋሼን ይዤ። ምን ነካሽና እንዲህ አጥብቀሽ ሰፋሽው እያልኩ ራሴን ስረግም ዋልኩ፣ ለዚያ ጥብቀት ነበር ስድስት ዓመት የተመካሁት። ቀኑ አልበቃኝም፣ ሌላም ቀን ተጨመረበት። ሲያልቅ አንድ ሙሉ ሸማ ሆነ። አጠብኩት፣ አሰጣሁት፣ ተኮስኩት። የመርፌው ቀዳዳዎች ግን አልተደፈኑም። ወደ ብርሃን ሳነሳው ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ይታያሉ።

ከሦስቱ አቡጀዴ አንዱን አስቀርቼ ሸማውን በሁለቱ ላይ ደረብኩት። አዝሙድ በተንኩበት። አባቴ ጭን ላይ ሳጥኑን ሳይሆን ጨርቁን ብቻ አስቀመጥኩለት።

እጆቹን ሰደደ። መጀመሪያ ከሥር ያሉትን አገኘ፤ በአውራ ጣቱ አሸት አደረጋቸው። «እነዚህ ሁለቱ እንግዶች ናቸው» አለ። ከላይ ወዳለው መጣ። መዳፉን ዘርግቶ አሳረፈበትና ቆየ።

«እሷ ናት» አለ። «እዚህ ጋ ወፈር ይላል፣ እዚህ ይቀጥናል። ወሬ ስታወራ ነው የሚቀጥነው።»

ከዚያ ጣቱ ቆመ። ቀዳዳዎቹን አገኛቸው። በጠቋሚ ጣቱ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ዳሩን ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ሄደባቸው። ጨርቁን አዞረ፣ የወገቡን መስመር አገኘ። እኔ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ ነበር፤ ድምፅ እንዳላወጣ ነጠላዬን ነክሻለሁ።

«ሽንሽን ነበር» አለ። «ሰርግ ነው?»

«ሰርግ ነው፣ አባ። የበደሳው። አውፍ በለኝ።»

ውጭ የጫት መኪና አለፈ፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ይረግመኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ መብቱ ነበር።

«በስንት ጊዜ ሰፋሽው?»

«በአንድ ቀን ተኩል።»

«ለመተርተሩስ?»

«ሁለት ቀን ሙሉ።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ቀና አደረግሁት፣ ውኃ ሰጠሁት። ትንፋሹ ሲመለስለት ጣቱ እንደገና ወደ ቀዳዳዎቹ ሄደ። ከዳር ጀምሮ እስከ ዳር በድጋሚ ቆጠራቸው።

«ቀጥ ያለ ነው» አለኝ። «አንድም አልዘለልሽ። እጅሽ ጥሩ ነው።»

ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። የተናገረው ደግሞ ክሩ ስለወጣለት ስፌት ነው፣ ስላፈረስኩት።

«ይሄን ከገላዬ አስጠጉት» አለ። «እንግዶቹን ከላይ አድርጓቸው።»

ዘጠኝ ቀን ቆየ። ጨርቁን ከትራሱ ሥር ነበር ያስቀመጠው። ያረፈው ጠዋት ነው፤ ለቀስተኛው ወዲያው ሞላ። ስለ ማንነታችን ንግግር የሚያደርጉት የቢሮ ሰውም መጡ፣ አስከሬኑ ያለበት ክፍል በር ላይ ቆመው «ባህላችንን የሚያውቅ ሰው አጣን» አሉ፤ ነጠላቸው ሲንቀሳቀሱ እንደ ፌስታል ይንሿሿል። ሼኩ አጥበው ሲጨርሱ በበሩ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨርቁን ሰጠኋቸው። ቀና አድርገው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ? ተሰፍቶ ነበር?»

«ነበር። አሁን የለበትም።»

ትንሽ አሰቡና «ችግር የለውም» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

አሁንም የታተመውን እሸጣለሁ፤ ሌላ የሚሸጥ የለም። አልምልም ግን። ክብሪቱን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ «የእጅ ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርለታለሁ። እስከ ዛሬ ጫሪ ያለኝ ሰው የለም። ሸሚዙ፣ ሱሪው፣ ሰደርያውና ጀለቢያው ሚስማራቸው ላይ ናቸው፣ አቧራቸውን አራግፋለሁ። ለአባቴ በሕይወቴ ብዙ ሰፍቻለሁ። ከሰፋሁት ሁሉ ለብሶልኝ የሄደው አንድ ነው፤ እሱንም ለሌላ ሰው የሰፋሁትን፣ ተርትሬው።